የሐሰት ትኩሳት

እማማ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ስልካቸውን ይዘው መታጠቢያ ቤት ገቡና በሩን ከውስጥ ቆለፉ። ድምፃቸውን እንዲሸፍንላቸው ቧንቧውን ትንሽ ከፈቱት፤ ውሃው በከንቱ ሲፈስ ማየት አንጀታቸው አልችል ስላለ ደግሞ ባልዲ ደቀኑበት። ከዚያ የመጸዳጃውን ክዳን ደፍተው ተቀመጡና የልጅ ልጃቸው «ድንገት አንድ ነገር ቢመጣ» ብላ የመዘገበችላቸውን የሆስፒታሉን የፈረቃ ኃላፊ ቁጥር ተጫኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ልጅ አይዋሽም» እያሉ ያሳደጉ ሴት ስለሆኑ ስልኩ ሲጠራ ባይነሳ ብለው ተመኙ። ኃላፊዋ ሲስተር ወዲያው አነሳች። «የፍንጭት አያት ነኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጅቷ አሟታል፤ ዛሬ ሥራ አትገባም።» ሲስተሯ ምን እንደሆነች ጠየቀች። እማማ ይህን አላሰቡበትም። ራስ ምታት እንዳይሉ ሰነፍ ሁሉ የሚያመካኝበት ነው፤ ሆድ ቁርጠት እንዳይሉ ለወጣት ሴት ደስ አይልም። «ትኩሳት» አሉ በመጨረሻ። «እሳት ሆናለች። ሌሊቱን ሙሉ ስትቃዥ ነው ያደረችው።» «ውይ፣ ይማራት! በሉ ከአልጋ እንዳትወርድ» አለች ሲስተሯ፤ ስልኩም ተዘጋ። እማማ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ትኩሳት ክብር ያለው በሽታ ነው፤ ማንም አይጠራጠረውም ብለው በምርጫቸው ትንሽ ኮሩ። ባልዲው ሞልቶ መፍሰስ ጀምሮ ነበር።

ፍንጭት ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች። ስሟ ሌላ ነው፤ በፊት ጥርሶቿ መሃል ባለችው ክፍተት ምክንያት ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤትም ሰፈርም፣ አሁን ደግሞ ሥራ ቦታም ፍንጭት ነው የሚላት። ሶፋው አጭር ስለሆነ እግሯን ስትዘረጋ ተርፎ ይንጠለጠላል። አልጋውን እንድትወስድ እማማ ስንት ጊዜ ለምነዋት እምቢ ብላለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ እማማና ቁምሳጥኑ፣ በሌላው ልጅቷና መጽሐፎቿ። መጽሐፎቹ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ መጽሐፍ አይምሰሏችሁ፤ አንዱን በር ሥር ቢያስጠጉት የትኛውም ነፋስ በሩን አይዘጋውም። የምግብ ጠረጴዛውን ከግማሽ በላይ ከወረሩት ቆይተዋል፤ እማማም በቀረችው ጠርዝ ላይ ሳህናቸውን አስጠግተው መብላት ለምደዋል። መስኮቱ ሥር በታሰረው ገመድ ላይ ሁለት ጋዋን ተሰቅሏል፤ ሰማያዊና ነጭ። ሰማያዊው የሥራ ነው። ፍንጭት ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ናት፤ ታካሚ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች፣ ትኩሳትና ግፊት ትለካለች። ነጩ የትምህርት ነው፤ ከሥራ ስትወጣ ሙሉ ነርስ ለመሆን ትማራለች። ሁለቱንም የሚያጥቡት እማማ ናቸው። ጎረቤት ገመዱን እያየ «ስንት ልጅ ነው የሚያስተምሩት?» ሲላቸው «አንዲት ናት፤ የምትደክመው ግን የሁለት ሰው ነው» ይላሉ።

ትናንት እራት ላይ ደግሞ ጉድ አሳየቻቸው። ማንኪያውን ከሳህኑ አንስታ አፏ ሳታደርስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ማንኪያው በአየር ላይ ቀጥ እንዳለ፣ ሾርባው ጠብ ጠብ እያለ። እማማ ቀስ ብለው ከእጇ ሲያስለቅቋት ዓይኗን ሳትገልጥ «አመሰግናለሁ፣ አሁን ወደ ቀኝ ይዙሩልኝ» አለቻቸው። ይህች ልጅ ናት እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ሙሉ ሥራ ውላ፣ ከሰዓት በኋላ በፈረቃዋ መሃል የተግባር ፈተና የምትቀመጠው። ጠዋቱን ብቻ እንድታርፍ ኃላፊዋን ጠይቃ ነበር፤ «ሰው የለኝም» ተባለች። ፈተናው በእውነተኛ ታካሚ ላይ፣ መምህሩ ቆሞ እያየ ቁስል አጥቦ ማሸግ ነው። አንድ ጊዜ ወድቃዋለች። የወደቀችበትን ምክንያት እማማ እስካሁን ሊውጡት አልቻሉም። ከጀርም የጸዳውን ጓንት አጥልቃ ልትጀምር ስትል የታካሚው ትራስ ይንሸራተታል፤ እሷ እጇን ሰደድ አድርጋ ታቃናለታለች፤ ትራስ የነካ ጓንት ቁስል አይነካም ተብሎ በዚያው ወደቀች። «ሰው ትራስ ደግፎ ይወድቃል?» ብለው እማማ ለሰሚው ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ። ፍንጭት ግን መምህሩን አንድም ቀን አልወቀሰችም። «ትክክል ነው እማማ። እጄ ነው ችግሩ፤ ስንት ዓመት ትራስ ሲያቃና የኖረ እጅ እኔን ሳይጠይቅ ይሄዳል» ነበር ያለችው። ዛሬ ያለችው ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ዕድል ናት፤ ካለፈቻት ወደ መጨረሻው ዓመት ትገባለች፤ ካላለፈቻት ዓመቱን ሙሉ ትደግማለች። ሌላ አንድ ዓመት በዚህ ሶፋ ላይ፣ ሌላ አንድ ዓመት በዚህ እንቅልፍ ባጣ ዓይን! እማማ ይህን እያሰቡ ነው የልጅቷን ስልክ ከራስጌዋ አንስተው፣ ማንቂያው እንዳይጮህ በፎጣ ጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ ያስተኙት።

ፀሐይ ሶፋው ክንድ ላይ ስትደርስ ፍንጭት ብድግ አለች። እጇ ስልኳን ፍለጋ ወለሉን ዳበሰ፣ ትራሷን ገለበጠ፣ ከዚያ መስኮቱን አየች። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ገና ከእንቅልፉ አልወጣም።

«ተኚ ልጄ፣ ጨርሼዋለሁ።»

«ምኑን ነው የጨረሽው?»

«ደወልኩላቸው። አሟታል አልኳቸው። በደንብ አርፈሽ፣ ቁርስሽን በልተሽ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ሰው ትፈተኛለሽ።»

ፍንጭት ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ ነው ወይስ ልታመሰግን ነው ብለው እማማ ፊቷን ሰረቅ አድርገው አዩ። «ምን አሟታል አልሽ?» ብላ ጠየቀች በቀስታ።

«ትኩሳት።»

«እማማ!» ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ወገቧን ብትዪ ምን ነበረበት? ጥርሷን ብትዪ? ከበሽታ ሁሉ መርጠሽ ትኩሳት?»

«ትኩሳት ደግሞ ምን አደረገ?»

«ትኩሳት ያለበት ሠራተኛ ታካሚ የሚተኛበት ዋርድ አይገባም። ከለቀቀው በኋላ እንኳ ሁለት ቀን አይገባም፤ ለታካሚዎቹ ሲባል ነው። ፈተናው ደግሞ ዋርድ ውስጥ ነው፤ እዚያው እኔ የምሠራበት፣ ያችው ሲስተር ያለችበት።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የተሰማው የቁምሳጥኑ በር፣ የቧንቧው ውሃና የጫማ ማሰሪያ ብቻ ነው። ቁጣ ቢሆን ይቀላቸው ነበር፤ ቁጣ ይመልሱበታል፣ ይሟገቱታል፣ በኋላም ይታረቁታል። ይህች ልጅ ግን ስትናደድ ዝም የምትል ናት፤ ዝምታዋ ደግሞ ጨዋ ነው፤ «አሳልፊኝ እማማ» ትላለች፣ «አመሰግናለሁ» ትላለች። ሁለቱንም ጋዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቁርስ ሲያቀርቡላት በእጇ ገፋ አደረገችው። «እኔም ልምጣ?» አሉ እማማ በሩ ላይ። «አንቺ የትም እንዳትሄጂ። እኔ አስተካክለዋለሁ» አለች። «እሺ፣ ግን ሹራብ ደርቢ፤ ጠዋቱ ይበርዳል» አሉ እማማ ከኋላዋ። ልጅቷ ደረጃውን ወርዳ ነበር።

ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ እማማ መቀመጫ አጡ። ጠረጴዛውን ወለወሉ፤ የተወለወለውን ደግመው ወለወሉ። ለሲስተሯ ደወሉ፤ አይነሳም። እንደገና ደወሉ፤ አይነሳም። ያልተበላውን ቁርስ ዳቦውን በሌላ ዳቦ ከድነው በፌስታል ጠቀለሉ፤ ይህን ሲያደርጉ ወዴት ሊወስዱት እንደሆነ ለራሳቸው አልነገሩም። «የትም እንዳትሄጂ» ተብለዋል። የሰባ ዓመት ሰው እንዲህ ሲባል መስማት አለበት ወይ ብለው ከመስኮቱ ጋር ትንሽ ተከራከሩ፤ መስኮቱ ስላልመለሰላቸው ጫማቸውን አደረጉ። አውቶቡሱ እንደ ሁልጊዜው ሰው ተጭኖ መጣ። አንድ ወጣት ወንበሩን ለቀቀላቸውና እስኪወርዱ ድረስ አናታቸው ላይ ቆሞ በስልክ ከፍቅረኛው ጋር ተጣላ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እማማ ምክር ጣል ያደርጉለት ነበር። ዛሬ ግን ስለ ስልክ ምክር የመስጠት አፍ አልነበራቸውም። ሆስፒታሉ በር ላይ ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። ዋጋ ጠየቁና ደነገጡ፤ በሽተኛ ጥየቃ ባዶ እጅ እንደማይኬድ የሚያውቅ ሻጭ እንዴት እንደሚጨክን እየገረማቸው አለፉ። ለነገሩ የሚጠይቁት በሽተኛም የላቸውም።

ጥበቃው ወንበሩን ወደ ኋላ አንጋልሎ ተቀምጧል። «የመጠየቂያ ሰዓት አልደረሰም እናቴ» አለ። «ማን ታሞብዎት ነው?»

«ማንም አልታመመም» አሉ እማማ። «ችግሩም እሱ ነው።»

ጥበቃው ወንበሩን አቃንቶ አያቸው። እማማ የሆነውን ሁሉ ከስልኩ ጀምሮ እስከ ሁለቱ ቀን ክልከላ ዘረገፉለት፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ለምን እንደሚቀል አይገባቸውም። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማና ጢሙን እያሻሸ ሳቀ። «ጤነኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከተቀጠርኩ ወዲህ እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት። ይግቡ። ሁለተኛ ፎቅ፤ ግድግዳው አረንጓዴ ሲሆን ወደ ግራ።»

ፎቁ ላይ የመድኃኒትና የበረኪና ሽታ ተቀላቅሏል። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ግድግዳው እስከ ሰው ትከሻ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ቀድሞ ነጭ የነበረ። ፍንጭት ከዋርዱ በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የትምህርት ቤት ልጅ መስላ ተቀምጣለች። እማማን ስታይ አልተገረመችም፤ ትንሽ ፈቀቅ አለችላቸው እንጂ። ዳቦውን ሰጧት። ፌስታሉን ፈትታ አየችውና መልሳ ቋጠረችው።

«ለክተውኛል» አለች። «ምንም የለብኝም።»

«ታዲያ! ጤነኛ መሆንሽ ከታየ ምን ቀረ?»

«ማታ ይዞኝ ሌሊት ለቀቀኝ ብያቸዋለሁ። እንደዚያ ከሆነ ሁለት ቀን አሉኝ። መምህሩም በስልክ በሚቀጥለው ዓመት ነው አለኝ።»

እማማ ወደ እሷ ዞሩ። «ማነው እንዲህ በይ ያለሽ? አያቴ ናት የዋሸችው አትያቸውም ነበር?»

ፍንጭት የተቋጠረውን ፌስታል ይበልጥ አጠበቀችው። «አያቴ ውሸታም ናት ልበል?» አለች። «ለማያውቁሽ ሰዎች? ነገ እዚህ ታመሽ ብትመጪ በዚያ ነው እኮ የሚያውቁሽ።»

አንድ ሠራተኛ ጎማው የሚንጫጫ ጋሪ እየገፋ በፊታቸው አለፈ። እማማ ጋሪው ኮሪደሩን እስኪጨርስ አዩት። ልጅቷን ጠብቄ አሳደግኋት ይላሉ ሁልጊዜ፤ ለዘመድም ለጎረቤትም ይላሉ። ለካ ልጅቷም እዚህ ቁጭ ብላ፣ ያን የለፋችበትን ዓመት ከፍላ፣ የእሳቸውን ስም እየጠበቀች ነው። ተነሡ። «ቢሮዋ የትኛው ነው?» አሉ። «እማማ፣ ተይ» አለች ፍንጭት የሹራባቸውን እጅጌ ይዛ። እማማ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁና ሄዱ።

የኃላፊዋ ቢሮ ከቁምሳጥን ትንሽ ይሰፋል። ሲስተሯ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ እስክሪብቶ ፀጉሯ ውስጥ የሰካች ሴት ናት፤ በአንድ እጇ የስልክ እጀታ፣ በሌላው የተነከሰ ብስኩት ይዛለች። እማማ እስክትጨርስ የበሩን መቃን ተደግፈው ጠበቁ። ስልኩን ስትዘጋ «የፍንጭት አያት ነኝ» አሉ።

«ድምፅዎን አወቅሁት» አለች ሲስተሯ። «ሌሊቱን ሙሉ ስትቃዥ ነው ያደረችው ያሉኝ።»

«አልቃዠችም። ትኩሳትም የላትም፣ አልነበራትምም። ተኝታ እያለች ከመታጠቢያ ቤት ነው የደወልኩት፤ እሷ ምንም አታውቅም። ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው። ክልከላ እንዳለ አላወቅሁም። እኔን ላለማዋረድ ነው ለቀቀኝ ያለችሽ፤ ውሸቱ የእኔ ነው።» ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያሉት፤ ካቆሙ ሊቀጥሉ እንደማይችሉ ስላወቁ።

ሲስተሯ ብስኩቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አፏ ጥግ ላይ ሳቅ ብቅ አለ። «እማማ፣ እዚህ ወንበር ላይ ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ» አለች። «ሠራተኞቼ ፈቃድ ሲፈልጉ አያታቸውን ሲገድሉ ነው የማውቀው። አንዱማ ሦስት አያት ገድሎብኛል። አያት መጥታ ሠራተኛ ስታሳምም ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

እማማ ሊስቁ ፈለጉ፤ አልወጣላቸውም። «እንግዲህ ትፈተን?»

«ትፈተናለች። ግን ይስሙኝ፤ ፈቃድ የከለከልኳት ጠልቻት አይደለም። ዋርዱ ሙሉ ነው፣ ዛሬ ያሉኝ ረዳቶች ሁለት ናቸው። ካልታመመች ደግሞ የቀረችው ያለ ምክንያት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል፣ እኔ ልሰርዘው አልችልም። ጤነኛ ከሆነችም አሁኑኑ ልብሷን ቀይራ ትግባልኝ፤ መምህሩ ሲመጣ እለቃታለሁ።»

«ማስጠንቀቂያውን ለእኔ ጻፊው! የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎን አልቀጠርኩዎትማ እማማ» አለች ሲስተሯ፤ እስክሪብቶዋንም ከፀጉሯ ነቀለች። ከዚያ ስልኩን አንስታ ለመምህሩ ደወለች። «አዎ፣ ያቺ ልጅ። ጤነኛ ናት። አይ፣ አላገገመችም፤ መጀመሪያም አልታመመችም። ታሪኩ ረጅም ነው፣ ስትመጣ አጫውትሃለሁ።»

እንግዲህ እማማ በውሸት የገዙላት ዕረፍት እንዲህ ሆኖ ቀረ። ፍንጭት ሰማያዊውን ጋዋን ለብሳ ዋርዱ ገባች፤ ለአያቷም አንዲት ቃል ሳትናገር። ስታልፍ ግን ዳቦውን ከፌስታሉ አውጥታ ግማሹን አፏ ውስጥ ከታ ነበር፤ እማማ ይህንን እንደ ይቅርታ ቆጠሩት። ወደ ቤት ሂጂ ያላቸው ስለሌለ አግዳሚው ላይ ተመለሱ። የዋርዱ በር እኩሌታው መስታወት ነው። መስታወቱ ውስጥ ሰማያዊዋ ትታያለች፤ ጎድጓዳ የማጠቢያ ሳህን ይዛ ትሄዳለች፣ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች፣ አንሶላ ትስባለች፣ የአንዲት አሮጊት ጀርባ ደግፋ ታነሳለች፣ አንዱን ጠያቂ ከአልጋ ላይ እንዲነሳ በዓይኗ ብቻ ታዛለች። ቤት ውስጥ እግሯን እየጎተተች ከሶፋ ወደ ጠረጴዛ የምትሄደዋ ልጅ ትሁን አትሁን እማማ ተጠራጠሩ። እዚህ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፤ የት እንደምትሄድ ታውቃለች። አንድ ጊዜ ከሌላዋ ረዳት ጋር በአልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ታካሚ ሲያዞሩ፣ ሌላዋ አንድ ነገር አለቻትና ፍንጭት ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። እቤት እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች። እማማ ደስ ይበላቸው ወይስ ቅር ይበላቸው ሳይለዩ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ማየታቸውን ቀጠሉ።

መምህሩ ሲመጣ ፍንጭት ነጩን ቀይራ ወጣች። መምህሩ ቀጭን፣ መነጽሩን በየደቂቃው የሚወለውል ሰው ነው። የምትፈተንበት ታካሚ ከበሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የተኛ ጡረተኛ ሹፌር ነው፤ የስኳር በሽታ እግሩ ላይ ያወጣበት ቁስል አለው። መጋረጃው አልጋውን ዙሪያ ተጋረደ። እማማ ተነሥተው በሩ ጋ ቆሙ፤ በሩ ገርበብ ስላለ ድምፁ ይሰማል፣ ከመጋረጃው ሥር ደግሞ ጫማ ይታያል፤ የልጅቷ ነጭ ጫማ፣ የመምህሩ ጥቁር ጫማ። ሌላ ምንም አይታይም።

«አባባ፣ አሁን የድሮውን ፋሻ ልፈታልዎት ነው። ካመመዎት ይንገሩኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምነው እንዲህ አንቱታው በዛ? ፈተና ላይ ነሽ መሰለኝ።» የሹፌሩ ድምፅ እንዳረጀ ሞተር የሻከረ ነው። «አይዞሽ። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። አንዱን የወደቅሁት ቆሜ ነው፤ መኪናዋ አልነሣ ብላኝ።»

«አባባ፣ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ» አለች ፍንጭት፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። ከዚያ የሚቀደድ ወረቀት ተሰማ፤ ጓንት ሲጠለቅ የሚሰማው የላስቲክ ድምፅ ተሰማ። የነጩ ጫማ ጫፎች ወደ አልጋው ዞሩ። ልክ በዚህ ጊዜ ነው ብርድ ልብሱ የተንሸራተተው። እማማ ከመጋረጃው ሥር አዩት፤ መጀመሪያ ጫፉ ብቅ አለ፣ ከዚያ በራሱ ክብደት እየተሳበ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

«ውይ፣ ብርድ ልብሴ» አለ ሹፌሩ። «እግሬ በረደኝ።»

እማማ በሩን በእጃቸው ገፍተውታል። አንድ እግራቸው ዋርዱ ውስጥ ነው። ብርድ ልብስ ማንሣት ምን አለበት? አንድ ሽማግሌ እግሩ በርዶታል፤ ማንም አላፊ አግዳሚ ያነሣለታል፤ ጓንት ያላደረገ እጅ ይኸው አለ። ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ሥር ጥቁሩ ጫማ አልተንቀሳቀሰም። ነጩም አልተንቀሳቀሰም፤ ተረከዙ ብቻ ከወለሉ ትንሽ ተነሣ፣ ልክ ሊሄድ እንደፈለገ። እማማ የልጅቷን እጅ ባያዩትም አወቁት፤ አየር ላይ ነው፤ የራሳቸውም እጅ አየር ላይ ነበር። «እማማ ተይ» ያላቸው ሰው የለም። እጃቸውን ግን በሌላው እጃቸው ያዙት፤ እግራቸውንም ወደ ኮሪደሩ መለሱ።

ተረከዙ ወለሉ ላይ ተመለሰ። «አባባ፣ ብርድ ልብስዎ መውደቁን አይቻለሁ» አለች ፍንጭት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ግን አልቸኮለም። «ይህ ጓንት ቁስልዎን ብቻ ነው የሚነካው፤ ብርድ ልብሱን ካነሣሁበት ቁስልዎ ላይ ቆሻሻ አመጣለሁ። እስክጨርስ ይታገሡኛል?»

«እታገሣለሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ፣ መሪው አንቺ ጋ ነው» አለ ሹፌሩ።

ቀሪው ረጅም ነበር። እማማ ከዚያ በኋላ አላዩም፤ ግድግዳው ላይ ተደግፈው የጣሪያውን መብራት ነው ያዩት። መጋረጃው ሲከፈት ቁስሉ በንጹሕ ፋሻ ተሸፍኗል። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ እየወለወለ «ፋሻውን ትንሽ አጥብቀሻል፤ ሁልጊዜ ሁለት ጣትሽ መግባት አለበት» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «አልፈሻል» ሲል ጨመረበት፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው። ፍንጭት ጓንቷን አውልቃ ጣለች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ብርድ ልብስ አነሣችና ለልብስ ማጠቢያ ወረወረችው፤ ከመደርደሪያው ሌላ አውጥታ የሹፌሩን እግር እስከ ጣቱ ድረስ ጠቀለለችው።

ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ አያትና የልጅ ልጅ ትይዩ ቆሙ። «አለፍሽ» አሉ እማማ። «አለፍኩ» አለች ፍንጭት። ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት እንዳለ ነው፤ ከንፈሯ ደርቋል። የግድግዳውን ጠርዝ ይዛለች። ኃላፊዋ ሲስተር ከቢሮዋ ወጥታ መጣች፤ መምህሩ ነግሯታል። ልጅቷን አየት አደረገችና ወደ እማማ ዞረች። «ማስጠንቀቂያው እንዳለ ነው፤ እሱን አልነካውም» አለች። «ግን ፈረቃው ሊያልቅ ብዙም አልቀረው፤ የማታዎቹም ቀደም ብለው መጥተዋል። ልጅቷ ደክማለች። እርስዎ ካሉ አሁን ይዘዋት ይሂዱ እማማ። ልልቀቃት?»

እማማ መልሱ አፋቸው ውስጥ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ፣ እንዲያውም ከዓመታት ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል። ልቀቂያት፣ አንቺ የተባረክሽ፣ ልቀቂያት። ወደ ፍንጭት አዩ። ልጅቷ ሁለቱንም አታይም፤ የነጩን ጋዋን ቁልፎች አንድ በአንድ እየፈታች ነው፤ ሰማያዊው ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝም ብላ የሚባልላትን እየጠበቀች ነው፤ ሁልጊዜ ሰው ስለ እሷ ሲወስን እንደምትጠብቀው።

«እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ እማማ፤ ድምፃቸው ከጠበቁት በላይ ሻከረ። «እሷው ቆማ የለም እንዴ?»

ሲስተሯ ወደ ልጅቷ ዞረች። የፍንጭት እጅ ቁልፉ ላይ ቆመ። «እጨርሳለሁ» አለች። «አሮጊቷን አላዞርኳትም፤ ሌላዋ ልጅ ብቻዋን አትችላትም።» ከዚያ ወደ አያቷ ቀና ብላ «አንቺ ሂጂ፣ ሳይጨልም አውቶቡስ ያዢ» ብላ ጨመረች።

«እሺ» አሉ እማማ።

ፍንጭት ሰማያዊውን ለበሰች። ለብሳም አልሄደችም፤ ከእማማ «እሺ» ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቀች ቆመች፤ ሹራቡን፣ እራቱን፣ «ግን ፊትሽ ገርጥቷል»ን። እማማ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አስገብተው ዝም አሉ። ምንም እንደማይመጣ ሲገባት፣ ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አሳየቻቸውና በሩን በዳሌዋ ገፍታ ገባች።